ፍጥረትን ከሩቅ ስለ ማየት

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ደንቆሮ ጫካ፣ ማለትም የክልሉ መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ለዱር አራዊት መጠበቂያ ወደ ከለለውና ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ወደሚጠራው ደጋ የሚወጣ ሰው፣ አእዋፍንና አራዊትን ፎቶግራፍ ለማንሣት ከብዙዎቹ ካሜራዎች የትኛውን ይዞ ቢሄድ እንደሚሻል ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ለጊዜው የነጋዴና የገበያተኛ ጥያቄ ይመስላል። ዋጋው ስንት ነው፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ ያነሣል፣ ሜጋፒክስሉ ስንት ነው፣ ብርሃን ሲደክም ምን ያህል ያያል የሚለው ክርክር ባለሙያዎቹ ቦዲ የሚሉትን የካሜራ አካል በሚያወዳድሩበት ስፍራ ሁሉ ይሰማል። እኔ ግን ጉዳዩን ባሰብሁ ቍጥር፣ ከዚህ ሁሉ ቍጥር በታች አንድ የቆየ የሃይማኖት ጥያቄ አገኛለሁ፤ ይኸውም ሰው ራሱ ያልፈጠረውንና ያልቀለበውን ሕያው ፍጥረት ለማየት ሲመጣ በምን ያህል ርቀት ሊቆም፣ በቆመበትም ምን ያህል ዝም ሊል፣ ያየውንስ ለሌላው ሲያሳይ ምን ያህል በእውነት ሊመሰክር ይገባዋል የሚለው ነው። ካሜራን ከካሜራ የሚለየው ዋና ነገርም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ለእነዚህ ሦስት ግዴታዎች የሚሰጠው እርዳታ ነው።

አገሩን ለማያውቀው ሰው በጥቂቱ ልግለጽ። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ ሸለቆ እየተናደ የሚወርድ፣ በሌላው ወገን ወደ ሳይንትና ወደ ወረሂመኑ ውርጫም አምባዎች የሚወጣ ምድር ነው። በላይ በኩል ጓሳው ከአስታው ጋር ተያይዞ፣ ጅብራውም በመካከሉ ተለይቶ ቆሞ ይታያል፤ ዝቅ ሲሉ ኮሶው፣ ጽዱና ወይራው ይቀበላሉ። ጭላዳው ሌሊት በገደሉ አድሮ ማለዳ ወደ ሜዳው ይወጣና ተቀምጦ ሣሩን በጣቱ እየነጨ ይበላል። በጫካው ድኩላና ነብር፣ በጓሳው ቀይ ቀበሮ፣ በሰማዩም አጥንት ከከፍታ ላይ ጥሎ በዐለት እየሰበረ የሚመገበው ጢማሙ አሞራ ይኖራሉ። ማጅራቱ ነጭ የሆነው ባለ ወፍራም መንቍሩ ቁራና በማለዳ እየተጯጯኸ የሚያልፈው ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አገር የላቸውም፤ በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆ የምትኖር አንዲት የቆቅ ዓይነትም ከዚያ ሸለቆ ውጭ በዓለም ላይ አትገኝም። ቀይ ቀበሮውማ በኢትዮጵያ ደጋዎች ሁሉ ተደምሮ 500 ያህል ብቻ እንደ ቀረ ይገመታል። ስለዚህ ወደዚህ ደጋ ካሜራ ይዞ የሚወጣ ሰው፣ ቢጠፋ ምትክ በማይገኝለት ፍጥረት ፊት እንደሚቆም አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ካሜራ ወደዚህ አገር የመጣበትን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ከዚሁ ደጋ በስተሰሜን በምትገኘው በመቅደላ አምባ ላይ፣ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ መካከል ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። በዚያ ዘመን ምስሉ የሚቀረጸው በመስተዋት ላይ ሲሆን፣ የተቀባው መድኃኒት ሳይደርቅ መስተዋቱ በጨለማ ድንኳን ተዘጋጅቶ፣ ብርሃን ተቀብሎና ታጥቦ ማለቅ ነበረበት፤ ብርሃኑንም የሚቀበለው በዝግታ ስለ ነበረ፣ ካሜራው አምባውን፣ የጦሩን ሰፈርና ጸጥ ብሎ የቆመን ሰው ለመያዝ ሲችል የሚበርን ወፍ ለመያዝ ከቶ አይችልም ነበር። ከዚያው ጦር ጋር ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድርና የሥነ እንስሳት ሊቅ ተጉዞ የአገሩን አእዋፍና አራዊት መርምሮ በ1870 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል፤ የእርሱ መሣሪያ ግን ጠመንጃ ነበር፤ ወፍን በስሟና በወገኗ ለይቶ ለማወቅ ገድሎ፣ ቆዳዋን ገፎና ሞልቶ ወደ ሙዚየም መላክ በዚያ ዘመን የሊቃውንት ሁሉ ልማድ ነበርና። እንዲህ በአንድ ዘመቻ ውስጥ ካሜራው ለማይንቀሳቀሰው፣ ጥይቱ ለሚንቀሳቀሰው ተመድበው ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሜራው እየፈጠነ ሄዶ የጠመንጃውን ስፍራ ለመውረስ መብቃቱና ዕውቀት ያለ ደም ሊገኝ መቻሉ፣ ስለ መሣሪያዎች ከሚነገረው ሁሉ ይልቅ በእኔ ዘንድ ታላቅ ሆኖ የሚታይ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከዚያው ጦር ጋር ከሙዚየም ተልኮ የመጣ ሰው ኰርዓተ ርእሱ የተባለውን የጌታችንን ሥዕል ከመቅደላ ይዞ መሄዱን ስናስታውስ፣ ለማየትና ለማወቅ የመጣ ሰው ለመውሰድም እጁን ለመዘርጋት ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ እንረዳለን። ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ከዚህ ፈተና ነጻ አይደለም።

ስለ ሥዕል የተደረገው ክርክርም በአገራችን አዲስ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኰሳት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ብለው ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም በማለታቸው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ተጣልተው ብዙ መከራ ተቀብለዋል፤ ንጉሡ ደግሞ ሥዕሏ በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲከበር አጥብቆ ያዘዘ፣ በዘመኑም ፍሬ ጽዮን የተባለውን መነኵሴ የመሰሉ ታላላቅ ሠዓልያን የተነሡለት ሰው ነበር። በወሎ እስላም ወንድሞቻችንም ዘንድ ነፍስ ያለውን ፍጥረት ስለ መሣል ዑለማው ብዙ ተከራክረዋል፤ በካሜራ የሚነሣው ምስል ወደዚያ ክልከላ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለውም ሐሳባቸው አንድ አይደለም። እኔ ለዚህ ክርክር ፍርድ ልሰጥ አልደፍርም። የማስተውለው ነገር ቢኖር፣ በሁለቱም ሃይማኖት የተደረገው ምርመራ በአብዛኛው ምስሉ በሠሪውና በተመልካቹ ነፍስ ላይ የሚያመጣውን ነገር የሚመለከት መሆኑን ነው። ምስሉ የተወሰደበት ፍጥረት ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ እምብዛም አልተነሣም፤ ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሠዓሊው ቅዱሱን ቢሥለው ከቅዱሱ ምንም አይጎድልበትምና። ወፏ ግን ይጎድልባታል። ፎቶግራፍ አንሺው ቀርቦ ከጎጆዋ ቢያስነሣት በደጋው ብርድ እንቍላሏ ይቀዘቅዛል።

የቀደሙት ሊቃውንቶቻችን ፍጥረትን የሚያዩበት መንገድ ሌላ ነበር። በሥነ ፍጥረት ትምህርት እንደሚነገረው አእዋፍ በዕለተ ሐሙስ ከውኃ፣ አራዊት በዕለተ ዓርብ ከምድር ተገኝተው፣ አዳም ዓይኑን ሲገልጥ ቀድመውት በዓለም ነበሩ። በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም የንስሩን፣ የአንበሳውንና የሌላውን እንስሳ ጠባይ ተናግሮ ምሥጢሩን ይተረጕማል። የዚያ መጽሐፍ ጸሐፊ የንስርን ላባ በቅርብ አስተውሎ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ፤ በንስሩ ውስጥ ግን የሚነገረው ነገር እንዳለ አልተጠራጠረም። የዛሬው ካሜራ ላባውን አንድ በአንድ ለይቶ ሲያሳየን፣ ላባው ለማን ምስጋና እንደ ተሠራ ጠይቁ አይለንም። ቤተ ክርስቲያናችን ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ከገነት ከመጡ ሦስት አእዋፍ እንደ ተማረ ታስተምራለች፤ እስላሙም ነቢዩ ሱለይማን የአእዋፍን ንግግር እንዳወቀና በክንፋቸው የሚበሩት ሁሉ እንደ ሰው በማኅበር የሚኖሩ መሆናቸውን ከቁርኣኑ ይማራል። በሁለቱም ዘንድ ወፏ ተናጋሪ፣ ሰውየው አድማጭ ነው። በየወሩ በ5 የሚታሰቡት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲሣሉ አንበሶችና ነብሮች በአጠገባቸው፣ የተጠማች ወፍም ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ይታያሉ። ይህን ሥዕል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሳለም ያደገ ሰው ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሚያይ ሁልጊዜ ልብ አይለውም፤ ዓይን ከፍጥረት የሚቀበል ብቻ ሳይሆን ለፍጥረት የሚሰጥም ሆኖ ተሥሏልና። ወፏም ወደ ጻድቁ የቀረበችው ተከታትለው ስለ ደረሱባት ሳይሆን እርሳቸው ሳይነቃነቁ ስለ ቆሙላት ነው።

ርቀትን እንደ ጉድለት የሚቈጥር ሰው ይህን ሥዕል ለመረዳት ይቸገራል። በሥርዓታችን ርቀት ክብር ነው። በሳይንት ባለችው በጥንታዊቷ በተድባበ ማርያምም ሆነ በየትኛውም ደብር፣ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ የተለያየ ደረጃ አላቸው፤ ወደ መቅደሱ የሚገቡት ካህናቱ ብቻ ናቸው፤ መጋረጃውም በጊዜው ይገለጣል፣ በጊዜው ይዘጋል። አልበቃሁም ብሎ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ የሚሳለመው ገበሬ በመራቁ ምክንያት ከበረከቱ ተለየ የሚል መምህር የለም። በጓሳው ላይ በሚያድነው ቀይ ቀበሮና በእኛ መካከል ያለው ባዶ ሜዳም እንዲህ ያለ ነገር ይመስለኛል፤ የተዘረጋውም እንድናከብረው ነው።

ቀበሮው ሲያድን ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይቀበለዋል። ቀይ ቀበሮ ከመንጋው ጋር እየኖረ ሲያድን ግን ብቻውን፣ በቀን ብርሃን ነው፤ አደኑም በአመዛኙ አይጥና ፍልፈል ነው። ጆሮውን ወደፊት አቅንቶ፣ እግሩን ቀስ እያለ እያነሣና እያስቀመጠ፣ በጕድጓዱ አፍ ላይ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ከዚያም ሆዱን ከሣሩ አስጠግቶ ሳይነቃነቅ ይቈያል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ጥቂት እርምጃ ቢጨምር የሚሸሸው መጀመሪያ ቀበሮው አይደለም፤ አይጧ የሰውየውን የእግር ድምፅ በመሬቱ በኩል ሰምታ ትሰወራለች፤ ቀበሮውም ተነሥቶ ዞር ብሎ ይመለከታል፣ ከዚያ ይሄዳል። ሰውየው ፎቶግራፉን አንሥቶ ደስ ብሎት ሲወርድ፣ ቀበሮው የዕለት ምግቡን አጥቷል።

የካሜራው ሒሳብ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። እንደ ኒኮን ዜድ 8 ያለው ፉል ፍሬም የሚባለው ካሜራ ሰፊ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበል ገጽ፣ እና 45 ሜጋፒክስል ያህል አለው፤ እንደ ካኖን አር 7 ያለው ደግሞ ሴንሰሩ ያነሰ ሆኖ 32 ሜጋፒክስል ተኩል ያህል በዚያ ጠባብ ስፍራ ላይ ተጠጋግቶ ሰፍሮበታል። ቍጥሩ ትልቅ የሆነው የመጀመሪያው ነው፤ በሩቅ ለሚታይ ትንሽ ፍጥረት ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሁለቱ ሌንስ ርዝመት እኩል 500 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ሁለቱም በቀበሮው አካል ላይ እኩል የነጥብ ብዛት እንዲያሳርፉ ብንፈልግ፣ በዜድ 8 ከ30 ሜትር የሚነሣው በአር 7 ከ41 ሜትር ያህል ሊነሣ ይችላል። ይህ የ11 ሜትር ልዩነት በሠንጠረዥ ላይ ሲነበብ ጥቂት ነው፤ በጓሳው ላይ ግን ቀበሮው አደኑን በሚቀጥልበትና በሚያቋርጥበት መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል። ያነሰ ዋጋ ያለው ካሜራ በዚህ በኩል ለፍጥረቱ የተሻለ ወዳጅ ሆኖ መገኘቱ ደስ ይለኛል፤ ሌንስን አለማሳጠር፣ ገንዘብንም ከቦዲው ይልቅ ለረጅም ሌንስ ማዋል የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ርቀቱ የራሱ ወሰን አለው፤ ፀሓይ ከፍ ብላ መሬቱ ሲግል አየሩ ስለሚርገበገብ የሩቁ ምስል ይደበዝዛል፤ በጎሕ ጊዜም ትንሹ ሴንሰር በብርሃን እጥረት ከትልቁ ቀድሞ ይቸገራል። ያን ጊዜ መልሱ ወደ ፍጥረቱ መጠጋት መሆን የለበትም፤ ምስሉ ይቅር።

ሁለተኛው ግዴታ ዝምታ ነው፤ እዚህ ላይ ዝምታና እውነት እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. እንደ ወጣው እንደ ኒኮን ዲ 500 ያሉት፣ እስከ ዛሬም ብዙ የወፍ አንሺዎች የሚወዱአቸው ባለ መስተዋት ካሜራዎች፣ በእያንዳንዱ ምስል መስተዋታቸው እየተነሣና እየወደቀ በጸጥታው ደጋ ላይ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ ያሰማሉ። መስተዋት የሌላቸው አዲሶቹ ሚረርለስ ካሜራዎች ምንም ድምፅ ሳያሰሙ በኤሌክትሮኒክ ሸተር (መዝጊያ) ሊያነሡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ብዙዎቹ ምስሉን የሚቀበሉት በአንድ ቅጽበት ሳይሆን፣ አንባቢ ገጹን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እንደሚያነብ ነው፤ አር 7 በዚህ አኳኋን ምስሉን አንብቦ ለመጨረስ የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ያህል ይወስድበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የምትበር ወፍ ክንፏን ታንቀሳቅሳለችና፣ በምስሉ ላይ ክንፉ ተጣሞ፣ አንዳንዴም ከትከሻው የተቈረጠ መስሎ ይወጣል። ይህ ለእኔ ቀላል የመሣሪያ ጉድለት አይደለም። ፎቶግራፍ ምስክርነት ነው፤ ምስክሩም ያላየውን ክንፍ ሊናገር አይገባውም። ጭላዳው ተቀምጦ ሲበላ፣ ቆቋም በቋጥኝ ላይ ስትቆም በዝምታው ሸተር ማንሣት መልካም ነው፤ ለሚበረው ግን ወይ ድምፅ ያለውን ሸተር ከሩቅ መጠቀም፣ ወይም እንደ ዜድ 8 ያለውን፣ ምስሉን ከዚያ ብዙ እጥፍ በሚፈጥን ጊዜ የሚያነብበውን ካሜራ መያዝ ነው። ሶኒ በ2023 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አልፋ 9 ሦስተኛው ደግሞ ሴንሰሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ዝምታንና እውነትን ያስታርቃል። ሁለቱን ግዴታዎች ያለ ጭንቀት ለመፈጸም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ግን በትዕግሥትና በምርጫ ሊፈጽማቸው እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የብዛት ነገር ነው። ያው የሶኒ ካሜራ በአንድ ሰከንድ 120 ምስል ያነሣል። ሌሎችም አሉ፤ አንሺው ሸተሩን ሙሉ በሙሉ ከመጫኑ በፊት የነበረውን ግማሽ ወይም አንድ ሰከንድ አስቀድመው እየያዙ የሚቈዩ፣ ጣቱ ሲጫን ያለፈውን መልሰው የሚሰጡት። ሰው ገና ሳይወስን የተቀረጸው ምስል የማን ሥራ ነው ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ በትምህርታችን ምግባር የሚቈጠረው ከፈቃድ ጋር ነውና። እኔ ግን ይህን ኃይል ሙሉ በሙሉ ልነቅፈው አልቻልሁም። ቁራዋ ከቋጥኙ የምትነሣበትን ቅጽበት ለማግኘት ድንጋይ ወርውረው የሚያስነሡ፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ የሚያስደነግጡ አንሺዎች አሉ፤ እንዲህ ያለ ካሜራ የያዘ ሰው ግን በራሷ ጊዜ እስክትነሣ ድረስ ተቀምጦ ሊጠብቅ ይችላል፤ የፈጠነው መሣሪያ የሰውየውን ችኰላ ካስታገሠለት እሰየው ነው። በሌላ በኩል ሺህ ምስል ይዞ ወርዶ አንዱንም በውል ያላየ ሰው፣ በጭላዳው ደረት ላይ ያለው ቀይ ምልክትና ግልገሏን በጀርባዋ አዝላ በገደሉ አፋፍ የምትሄደው እናት በሌንሱ በኩል ዐልፈውበት፣ ከዓይኑ ሳይደርሱ ቀርተዋል። የወፍን ዓይን በራሳቸው ፈልገው ፎከስ የሚያደርጉት ካሜራዎች የእጅን ድካም ቢያቃልሉም፣ ማስተዋልን ለሌላ አሳልፎ መስጠት አይቻልም።

ስለ ክብደት ረጅም ነገር መናገር አያስፈልግም። አር 7 ከባትሪው ጋር 612 ግራም፣ ዜድ 8 910 ግራም፣ ታላቅ ወንድሙ ዜድ 9 1,340 ግራም ይመዝናሉ፤ በውርጭና በዳገት ለሚሄድ ሰው ይህ ልዩነት እስከ መሸ ድረስ ጸጥ ብሎ ለመቀመጥ የሚቀረውን ጕልበት ይወስናል። የድካም ብዛት ሰውን ያስቸኩለዋል፤ የቸኮለም ይጠጋል።

ገንዘቡ ውስን ለሆነና ወደ ደንቆሮ ለሚወጣ ሰው ምክሬ ይህ ነው። በትንሽ ሴንሰሩ ርቀትን የሚያተርፈውን ቦዲ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ከረጅም ሌንስ ጋር ይያዝ፤ የዲ 500ን ድምፅ በርቀቱ ያካክስ፤ የአር 7ን ዝምታ ለተቀመጠው ፍጥረት ያቈየው። ብዙ ገንዘብ ያለው በፍጥነት የሚያነብበውን ይግዛ፤ ነገር ግን ያንኑ ያህል ትዕግሥት ይዞ ይውጣ። በደጋው ላይ ከብቱን የሚያግድ እረኛና ገብሱን ከጭላዳ የሚጠብቅ ገበሬ አብረውት እንዳሉ ያስብ፤ ፓርኩ ሲከለል ግጦሹን የተወው ያ ገበሬ ነውና፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ መንገዱን ከእርሱ ተምሮ ቢሄድ ከማንኛውም የካሜራ መጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት ያገኛል። ቀበሮው ማለዳ በየት በኩል እንደሚወርድ የሚያውቀው እርሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲሶቹ ካሜራዎች ከስልክ ጋር ሲገናኙ ምስሉ የተነሣበትን ስፍራ በምስሉ ፋይል ውስጥ ይጽፋሉ። የአሞራውን ጎጆ ወይም የቀበሮውን ግልገሎች ያነሣ ሰው ምስሉን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት ያንን ጽሑፍ ማጥፋት አለበት፤ የሚያምር ምስል ያየ ሁሉ ያንኑ ስፍራ መጥቶ ለማንሣት ይፈልጋልና። ለፓርኩ ጠባቂዎች ግን ስፍራውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሳያጎድል ይስጥ፤ ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በብዛት የሚፈጅ በመሆኑ፣ እየተንገዳገደ ሲሄድ ወይም ምራቁ ሲዝረበረብ የታየ አንድ ቀበሮ የት እንደ ነበረ ቶሎ መታወቁ የውሾቹ ክትባት በየትኛው መንደር መጀመር እንዳለበት ያመለክታል።